መብራት በሄደ ቁጥር ሊኑክሱ አልነሳም ይላል

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፈው ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የሚጠብቅ ልጅ ነው። መድረኩ ላይ ራሱን የጦሳ ልጅ ብሎ ነው የሚጠራው። የጥያቄና መልሱ ክር ረጅም ነው፤ መሀል ላይ ዘለፋ ቢጤም አለበት። ግን ለብዙ ሰው የሚጠቅም ነገር ስለወጣው፣ ሁሉንም ማንበብ ለሰለቸው በራሴ ቃል ልተርከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ቢሮና ትምህርት ቤት ባዶውን ቀርቶ ነበር። የሱም ክፍል እንደዚያው። አሁን ያሉት ከዚህም ከዚያም የተለገሱ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ አበቃ። ዊንዶውስ 11 እንጫን ቢባል ማሽኖቹ አይመጥኑም። እሱ ደግሞ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ያውቃል። ቀለል ያለውን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን፣ ሁሉም ላይ ጫነ። ተማሪዎቹ ወደዱት።

ችግሩ የሚመጣው ሌሊት መብራት ሄዶ ባደረ ጠዋት ነው። ገሚሶቹ ኮምፒውተሮች ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድረው፣ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል መስመር ላይ ቁጭ ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ድሮው ዊንዶውስ መልሰው እያሉት ነው። ጥያቄው ባጭሩ፣ ሊኑክስ ለኛ አገር መብራት አይሆንም ወይ የሚል ነው። በስልክ ያነሳውን የስክሪን ፎቶም አያይዟል። የመስኮቱ ነጸብራቅ ግማሹን ጽሑፍ በልቶታል።

1ኛው መልስ የመጣው ከወልድያ ነው። አብሽር ብሎ ይጀምራል። ጥቁር ስክሪኑ ሞት እንዳልሆነ፣ ሲስተሙ ዲስኩ ላይ የሚያጠራጥር ነገር አይቶ ሰው እስኪመጣለት እንደቆመ በትህትና አስረዳ። ኤግዚት ተብሎ ሲጻፍ የተጠረጠረው የዲስክ ክፋይ ስም ይወጣል። ከዚያ በዚያ ስም ላይ ኤፍኤስሲኬ የሚባለውን የዲስክ መፈተሻ ትዕዛዝ ማስኬድ፣ ሁሉንም አስተካክል ለማለት ዋይ የምትለዋን ፊደል መጨመር፣ ሲያልቅ እንደገና ኤግዚት ማለት ነው።

2ኛው ላይ ጠያቂው ራሱ መጥቶ አመሰገነ። ይህን እንደሚያውቀው፣ መብራት ሄዶ ባደረ ጠዋት ሁሉ ሲያደርገው እንደሚውል፣ የጠየቀው ግን ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ መሆኑን ተናገረ። እዚህች ላይ ቆም ያለ ሰው ቢኖር ክሩ በግማሽ ያጥር ነበር።

3ኛው ሰው የመጀመሪያውን አረመ። ያቺ ዋይ የምትባል ነገር በደንብ ካልታሰበባት ልታጠፋ እንደምትችል አስጠነቀቀ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ጥገናው የቀረውን ፋይልም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ በፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ገብቶ ስማርትሲቲኤል በሚባለው መሣሪያ የዲስኩን ጤና ማየት፣ የሚያሰጋ ከሆነም ፋይሉን ማውጣት ይቀድማል አለ። ይህ እውነት ነው። እኔም የምስማማበት ነው።

4ኛው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) ግዙ ብሎ ሄደ። ሌላ ቃል የለውም። 5ኛው ተናደደ። ለአንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ዩፒኤስ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ያሉትም ቢሆኑ ባትሪያቸው አልቆ ከመጮህ በቀር ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

ከዚያ ጸቡ መጣ። 6ኛው ሒሳብ ሹም የሚባል ተሳታፊ ነው። ሊኑክስ ሥራ የሌለው ሰው መጫወቻ ነው አለ። የሒሳብ ሥራው በፒችትሪ ነው፣ ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፣ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ተማሪዎቹም ነገ ሥራ ሲገቡ የሚያገኙት ዊንዶውስና ኤክሴል ስለሆነ ልጁ እያሳሳታቸው ነው አለ። 7ኛው በዚያው ቁጣ መለሰለት። ሳይገዛ በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ ይዞ ስለ ቁም ነገር ማውራት ያሳፍራል፣ ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ደብዳቤ አሳትሞ የወጣ ሰው ፍላሹ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ የሚያገኘው በማን ምክንያት ነው አለ። ሁለቱ እዚያው ጥቂት ተባባሉ። የተባባሉትን አልደግመውም። ስለ ፒችትሪ ግን ሒሳብ ሹሙ ልክ ነው። የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያሠራው፣ ዋይን በሚባለው በኩል እያስታመመ የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

8ኛዋ ቦሩ ሜዳ አካባቢ ኮምፒውተር የምታስተምር ሴት ነች። ሁለቱንም ወንድሞቼ ብላ፣ ቡና ጀባ ተባባሉና ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለች። ቀጥላም ክሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ቁም ነገር ተናገረች። የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የሆነው ኢኤክስቲ4 ጆርናል ያለው ነው። ሊጽፍ ያሰበውን መጀመሪያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያ ቦታው ላይ ይጽፋል። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ሲነሳ መዝገቡን አይቶ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ መብራት መሄዱ ብቻውን በየጊዜው እዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ሊያደርስ አይገባም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም።

9ኛው ጭራሽ ከርዕሱ ወጣ። የሐይቅ ልጅ ነው። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስንና ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጎን ለጎን ጭኗል። ኡቡንቱ ውስጥ ቆይቶ ወደ ዊንዶውስ ሲገባ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እኩለ ቀን ላይ በሀበሻ አቆጣጠር 6 ሰዓት፣ በፈረንጅ 12 ነው፤ ኮምፒውተሩ 9 ይላል። ሁለቱን አቆጣጠር አስታርቆ መሀል ላይ ቆመ እንዴ ብሎ ቀለደ። 10ኛው ስቆ ምክንያቱን ነገረው። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ያንኑ ሲያነብ የአካባቢ ሰዓት ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ስለምትቀድም ልዩነቱ ያው ሦስት ነው። ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትዕዛዝ ሊኑክሱን የአካባቢ ሰዓት እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል። 11ኛው ይህ ነገር ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው ብሎ ገሠጸ።

ተገናኝቶ ነበር። 12ኛው የሐረጎ ቁልቁለት የሚል ስም ያለው፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ወጣቶቹ ጋሼ ነው የሚሉት። ስለ ሰዓት ሲወራ አንድ ነገር ትዝ አለውና ተመልሶ ፎቶውን አሳድጎ አየ። ሁሉም ሰው ያነበበው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ በእጅህ ፈትሽ የሚለውን። እሱ ከነጸብራቁ ሥር ያለችውን የላይኛዋን መስመር አነበበ። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን ገና ወደፊት ነው ትላለች። ጎኗ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዛሬ ነው ብሎ የሚያምነው ቀን ተጽፏል፦ ጃንዋሪ 2009።

ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀ። ጠዋት አልነሳም ያሉት ኮምፒውተሮች ማታ በሥርዓቱ ጠፍተው ነበር ወይስ እየሠሩ ነው መብራት የሄደባቸው? ላፕቶፖች ካሉስ እነሱም ይህን ያደርጋሉ?

13ኛው ላይ የጦሳ ልጅ መለሰ። ማታ ማታ ሁሉንም ራሱ በሥርዓቱ ያጠፋል። ሁለት ላፕቶፖች አሉ፤ እነሱ አንድም ቀን አላስቸገሩም።

14ኛው የጋሼ ማብራሪያ ነው፤ ክሩን መነበብ ያስቻለውም እሱ ነው። የጠፋ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ምንም አይጽፍም። ስለዚህ ሌሊት መብራት ቢሄድ ባይሄድ ዲስኩን የሚያገኘው የለም። ታዲያ መብራቱ ምን ነካ? ሰዓቱን። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ሲሞስ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ላይ ከተሰካና መብራት ካለ ሰዓቱ ከዚያ ይመገባል። ባትሪዋ የምታስፈልገው መብራት ሲሄድ ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ባትሪዋ ካለቀች ቆይታለች፤ መብራት እስካለ ግን ማንም አያውቅባትም። ሌሊት መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ፋብሪካ ወደ ሰጠው ቀን ይመለሳል። ጠዋት ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ሆኖ ይነሳል። ዲስኩ ላይ ግን ትናንት እንደተከፈተ ተጽፏል። ፈታሹ ፕሮግራም ልዩነቱ ከአንድ ቀን በላይ መሆኑን ሲያይ እዚህ ቤት ትልቅ ስህተት አለ ብሎ በራሱ ማስተካከሉን ይተዋል፣ ሰው ይጠራል። ላፕቶፖቹ የዳኑት የራሳቸው ትልቅ ባትሪ ሰዓቱን ስለሚመግብላቸው ነው።

ማረጋገጫውንም አልነፈገም። መብራት ሄዶ ባደረ ጠዋት ሊኑክሱን ከማስነሳት በፊት ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ማየት ብቻ ነው። ባትሪዋን ደግሞ ኮምፒውተር ቤት መፈለግ አያሻም፤ ለመኪና ሪሞትና ለትንንሽ ሚዛን የሚሸጡት ዘንድ ትገኛለች። ስትገዛ ቮልቴጇን በሜትር ማስለካት፤ 3 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። መደብር ላይ ከርማ ያለቀች ባትሪ አዲስ ተብላ ትሸጣለች።

15ኛው ይህ ከሆነ ሊኑክስ ምን ሆኖ ነው እንዲህ በትንሽ ነገር የሚኮራው ብሎ ተቸ። ይህን ያለው ያው ሒሳብ ሹሙ ነው፤ አልሄደም። በዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው። ዊንዶውስ በተሳሳተ ቀንም ይነሳል። ግን ተነስቶም ቀኑ 2009 ከሆነ ብሮውዘሩ ሴኪዩር ሳይቶችን አልከፍትም ይላል፣ ሒሳቡም በተሳሳተ ቀን ይመዘገባል። 16ኛዋ፣ የቦሩ ሜዳዋ መምህርት፣ ይህንኑ ጠንከር አድርጋ ነገረችው። አክላም፣ ሊኑክሱ ከተነሳ በኋላ ሰዓቱን መጨረሻ ወደሚያውቀው ቀን እንደሚመልስ፣ ኢንተርኔት ካገኘም እንደሚያስተካክል፣ ካላገኘ ግን ወደኋላ ቀርቶ እንደሚኖር ገለጸች። ክረምቱን ተዘግቶ የከረመ ላብ መስከረም ላይ ሲከፈት የፕሮግራም ማደሻው ትዕዛዝ አፕት አፕዴት የሚሰጠው ገና ጊዜው ያልደረሰ ፋይል ነው የሚል ስህተት ምንጩ ይኸው ነው። ሰዎች ግን ኔትወርክ ተበላሸ ይላሉ።

በእኔ እይታ ይህ ክር የሚያሳየው ይህንን ነው። እኛ አካባቢ ሊኑክስ አስቸገረኝ ከሚል ሰው ብዙው ያስቸገረው መብራት፣ ሰዓት ወይም ኔት ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳያዩ ሲስተም መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

17ኛው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። እሱ ደግሞ ነገሩን ወደ ሰርቨር ወሰደው። ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ በራስህ ተነስ የሚለውን ምርጫ አብሩት፣ እኔ እንዲህ ስለማደርግ ሌሊት ማንም አይቀሰቅሰኝም አለ። 18ኛው በጭራሽ አታድርጉት አለ። መብራት ሲመጣ አንድ ጊዜ አይመጣም፤ ብልጭ ብሎ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰርቨሩ በመነሳት ላይ እያለ ደጋግሞ ሲመታ ነው ዲስክ የሚሞተው። 19ኛው መሀል ገባ። የሚሻለው ዩፒኤሱን ኤንዩቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር አገናኝቶ፣ ባትሪው ሲያልቅ በሥርዓቱ እንዲጠፋ ማድረግ፣ ሲመለስም ባትሪው የተወሰነ እስኪሞላ እንዲጠብቅ ማዘዝ ነው አለ። 17ኛውና 18ኛው ግን አልተስማሙም፤ እስካሁንም እንደተኳረፉ ናቸው።

የፋብሪካው ሰው ሌላም ነገር አወራ። አንድ ቀን ሰርቨሩ ዲስክ ሞላ አለ። ፕሮግራም የሠራውን የሚመዘግብበት አንድ ትልቅ የሎግ ፋይል አገኘና አጠፋው። ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው። ፎልደሮቹን ሲደምራቸው ግማሽ አይሞሉም። ደጋግሞ ደመረ፣ ያው ነው። በኋላ እንደገባው፣ ፋይሉ ስሙ ቢጠፋም የሚጽፍበት ፕሮግራም አሁንም ከፍቶ ይዞታል። ሊኑክስ ደግሞ የያዘው ሰው እስካልለቀቀ ቦታውን አይመልስም። ኤልኤስኦኤፍ በሚባለው ትዕዛዝ የተሰረዙ ግን የተያዙ ፋይሎችን አየ፣ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳ፣ ቦታው ተመለሰ። 21ኛው ቀጥል ሲለው፣ መሰረዝ ትቶ ፋይሉን ባዶ ማድረግና ሎጉን በየጊዜው የሚያድሰውን ሎግሮቴት ማስተካከል ይሻላል ብሎ ጨመረበት። ሰርቨሩ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው ሊኑክስ ነው አለ።

እዚህ ላይ 22ኛው ጮኸ። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የደህንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። ኢንተርኔት የነካው ከሆነ በር ክፍት ትቶ መተኛት ነው አለ፣ ያውም እንዲህ በለሰለሰ ቃል አይደለም። የፋብሪካው ሰው ተከፋ። ወደ 8 አልተሻገርኩም ያለው፣ የሴንትኦኤስ 8 ዕድሜ እስከ 2029 ይቆያል ሲባል በ2020 መጨረሻ ላይ ድንገት ወደ 2021 መጨረሻ ስላሳጠሩት ነው። ከዚያ በኋላ ማንን ይመን? 23ኛው አልማሊኑክስንና ሮኪን ጠቀሰለት፤ ሁለቱም የተወለዱት በዚያ ቁጭት ነው። 24ኛው ደግሞ ደቢያን የሚባለው ሊኑክስ የማንም ድርጅት ንብረት ስላልሆነ፣ በፈረንጅ ከ1993 ጀምሮም በበጎ ፈቃደኞች ስለቆመ እዚያ ግቡ አለ። ይህ ክርክር የትም መድረክ ላይ አያልቅም፤ እዚህም አላለቀም።

25ኛዋ ጸሐፊ ነች። ኮምፒውተር አላውቅም ብላ ጀምራ ከሁሉም የበለጠ የቢሮ ችግር አመጣች። በሊኑክስ የከፈተችው ደብዳቤ ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ነው። ሊብረኦፊስ በሚባለው የቢሮ ፕሮግራም ውስጥ ሲከፈት ፎንቱ ስለሌለ ሌላ ተተካበት። ጽሑፉ ትንሽ ሰፋ። የአለቃው ስምና የማህተሙ ቦታ ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወረዱ። ደብዳቤው በዚያው ወጥቶ፣ ማህተም የታተመው ባዶ ገጽ ላይ ነው። 26ኛው ዘዴውን ነገራት። ለውጪ የሚላከውን ሁሌም ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ፣ ለሌላው ደግሞ ሁሉም ቢሮ አንድ ነፃ ፎንት ላይ መስማማት፤ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሁለቱም ላይ ይጫናሉ። የጥንቶቹ ሰነዶች ግን ሌላ ጣጣ ናቸው። ግዕዝ፣ ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በፈረንጅ በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየቤቱ የተሠሩ ፎንቶች የእንግሊዝኛን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የተመሰቃቀለ ላቲን ነው። መለወጫ ፕሮግራም ይፈልጋሉ።

27ኛው ስለ ኔት ነው። በ2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ፣ የገመድ ኢንተርኔት ካለበት ቢሮ የሊኑክስ ፕሮግራም ፓኬጅ በፍላሽ እየጫነ ይመላለስ እንደነበር አስታወሰ። ከዚያ ወዲህ አፕት ካሸር ኤንጂ የሚባለውን አንድ ማሽን ላይ ጭኖ ተገላግሏል። አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከሱ ይወስዳሉ፣ ዳታ አይደገምም። 28ኛው አረመው፤ አድራሻቸው ኤችቲቲፒኤስ የሆኑ የፕሮግራም ማከማቻዎች በዚያ መንገድ እንደማይቀመጡና አድራሻቸው በኤችቲቲፒ መተካት እንዳለበት። ትክክል ነው።

29ኛው ላይ የጦሳ ልጅ ተመለሰ። መብራት ሄዶ ባደረ ጠዋት ባዮስ ገብቶ ቀኑን አይቷል፤ ጋሼ ያለው ሆነ። ባትሪዎቹን ቀይሮ፣ ሰዓቱን ሞልቶ፣ ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድም ሁሉም ከሁለት ዴስክቶፖች በቀር በደህና ተነስተዋል። ሁለቱ አሁንም ያስቸግራሉ። የነዚያን የዲስክ ጤና (ስማርት) ውጤት ለጠፈ። 3ኛው ሰው ወዲያው ደረሰለት። ተበላሽተው በተለዋጭ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስክ ቦታዎች) ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ነው፤ እነዚህስ በእውነት እየሞቱ ነውና ፋይላቸውን አውጥቶ ዲስካቸውን መቀየር ነው አለው። ርዕሰ መምህሩ ዲስክ ይገዙ እንደሆነ ገና አልተናገሩም።

መጨረሻ ላይ ያለው የሐይቁ ልጅ ነው። ሰዓቱ ተስተካክሎለታል። አሁን ደግሞ ሚንት ሊሞክር ፈልጎ ወደ 3 ጊጋ የሚጠጋውን ፋይል ለማውረድ ዳታ አልበቃው ብሎት፣ በፍላሽ የሚሰጠው ሰው ጠየቀ። አንዱ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሲሄድ ኮምቦልቻ ላይ እንዲያገኘው ነገረው። መምህርቷ ከመጫኑ በፊት ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ሻ256 ቁጥር ሚንት ራሱ ካወጣው ጋር እንዲያመሳክር አስጠነቀቀችው።